ግድግዳው ላይ ማን ይሣል? ድምፅ ከመስጠትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለገና ላሊበላን የሚሳለም ሰው ከነፋስ መውጫ በኩል ሲመጣ ፍላቂትን አቋርጦ ነው ጋሸና የሚደርሰው። በዚያ ሰሞን የመንገድ ዳር ሻይ ቤቶች አምሽተው ይዘጋሉ። ብርዱ ጋቢ አልፎ ይገባል፤ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ የተጠጋጋ ሰው ደግሞ መከራከሩ አይቀርም። እኔ ፍላቂት ላይ በተቀመጥኩበት ሻይ ቤት ክርክሩን የለኮሰው አንድ የስፖርት መምህር ነው። ትምህርት ቤታቸው በሜዳው በኩል ያለውን ግድግዳ ኖራ አስቀብቷል፤ ቀለም የሚገዛ ሰው ተገኝቷል፤ ሠዓሊም አለ። ግድግዳው የሰባት ስፖርተኞችን ምስል ይይዛል። መምህሩ ደብተሩን ገልጦ «እስቲ ሰባቱን ንገሩኝ» አለ።

ሦስቱ በአንድ ትንፋሽ ተጻፉ፦ አበበ ቢቂላ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ደራርቱ ቱሉ። አራተኛው ላይ ጠብ መጣ። አንዱ ቀነኒሳ አለ፣ አንዱ ምሩፅ፣ አንዲት ሻይ ቀጂ ደግሞ ከምድጃው ዘወር ሳትል «ጥሩነሽንስ?» አለች። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አባት «መንግሥቱ ወርቁን ረስታችሁ ስለ ስፖርት ታወራላችሁ የኔ ጌታ?» ብለው መምህሩን ገሠጹት። የጭነት መኪና ረዳት የሆነ ልጅ «ከእኛ ከመቄት ልጅ አንድ እንኳ አይገባም?» አለ። ስንነሣ ደብተሩ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ስም ነበር።

እንዲህ ያለ ደብተር አንድ ቀን እርስዎም እጅ ይገባ ይሆናል። የወጣት ማእከል፣ ስፖርት ክለብ፣ የዕድር አዳራሽ፣ ባሕር ማዶም ከሆኑ የማኅበረሰብ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ፤ የሆነ ቀን የሆነ ሰው «ማንን እናክብር?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ያን ዕለት የሚጠቅምዎትን ነው የምጽፈው።

የሰው ቤት ደንብ

በኒው ዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የአሜሪካ የቤዝቦል የዝና አዳራሽ እዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራጮች በ1936 እ.ኤ.አ. ታወቁ፤ በሩ በ1939 ተከፈተ። ቤዝቦልን ላላየ ሰው ከገና ጨዋታ ብንጀምርለት ይቀለዋል። እኛ በቆልማማ ዱላ ሩሯን መሬት ለመሬት እንነዳለን፤ እነሱ ዘንድ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በቀጥ ያለ ዱላ አየር ላይ ይመታታል። ትልቁ ልዩነት ግን ዱላው ላይ አይደለም። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቀየምም፤ ቁርጭምጭሚቱ የተመታ እያነከሰ ይስቃል፤ ማን ስንት እንዳገባ በማግስቱ የሚያስታውስ የለም። አሜሪካኖቹ ግን እያንዳንዷን ምት ከመቶ ዓመት በላይ መዝግበው ይዘዋል። ይህን ሁሉ መዝገብ ይዘውም ማን ይግባ በሚለው ላይ በየዓመቱ ይጣላሉ። ስለዚህ እኛ ሻይ ቤት ውስጥ መጣላታችን አይግረምዎ።

ደንባቸው ይህ ነው። ተጫዋቹ ቢያንስ 10 የውድድር ዘመን መጫወት አለበት፤ ከተሰናበተም 5 ዓመት ያልፈዋል። መራጮቹ በማኅበራቸው ቢያንስ 10 ዓመት የቆዩ የቤዝቦል ጋዜጠኞች ናቸው። አንድ መራጭ እስከ 10 ስም መጻፍ ይችላል፤ ባዶ ወረቀት መመለስም ይችላል። ለመግባት 75 ከመቶ ያስፈልጋል። ከ5 ከመቶ በታች ያገኘ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ በ10 ዓመት ውስጥ ያልተመረጠም እንዲሁ። ከመዝገቡ ውጤት በተጨማሪ ችሎታው፣ ሐቀኝነቱ፣ የስፖርት ጨዋነቱ፣ ጠባዩና ለቡድኑ ያደረገው ሁሉ እንዲመዘን ደንቡ ያዝዛል።

ቤብ ሩት የሚባለው ኮከባቸው፣ ለእነሱ እንደ እኛ አበበ ያለው ሰው፣ በ1936 ከ226 ድምፅ 215 ነበር ያገኘው። 11 ጋዜጠኞች አልመረጡትም። አንድም ድምፅ ሳይጎድልበት የገባ ተጫዋች እስኪገኝ 2019 ድረስ ተጠብቋል፤ እሱም ወርዋሪው ማሪያኖ ሪቬራ ነው። ስለዚህ ኮሚቴዎ ውስጥ አንድ አሻፈረኝ ባይ ቢኖር ስብሰባውን አይበትኑት። ሁሉም እስኪስማማ ከጠበቁ የሚስማሙት በድካም ነው።

መለኪያው ሲበላሽ ማን ይወድቃል?

ስም ከመጥራትዎ በፊት መለኪያ ያውጡ። መለኪያውን ካወጡ በኋላ ደግሞ ማንን እንደሚጥል ይፈትኑት፤ ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ይዘለዋል።

የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. የራሱን የዝና አዳራሽ ሲያቋቁም መደበኛው መለኪያ ጥርት ያለ ነበር፦ ቢያንስ ሁለት የኦሊምፒክ ወይም የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ፣ ቢያንስ አንድ የዓለም ክብረ ወሰን፣ ከውድድር ከተሰናበተ 10 ዓመት። አበበ በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ገባ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ ክብረ ወሰን ሰብሮ ነው ያሸነፈው፤ ቀኑ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ገደማ ሆኖት 2:12:11 ሮጠ፤ ያም ክብረ ወሰን ነው።

በዚሁ ሚዛን ሌሎቹን ያስቀምጧቸው። ምሩፅ ይፍጠር ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ አለው፣ የዓለም ክብረ ወሰን ግን የለውም፤ ወደቀ። ማሞ ወልዴ ወርቁ አንድ ነው፤ ወደቀ። ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ባርሴሎና 1992 እና ሲድኒ 2000 ላይ ወርቅ ወስዳለች፣ ኤድመንተን 2001 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ የርቀቱን ክብረ ወሰን ግን ይዛ አታውቅም። ሚዛኑን ቃል በቃል የያዘ ኮሚቴ እሷንም ውጭ ያቆማታል። ደራርቱን በር ላይ የሚያቆም የኢትዮጵያ ግድግዳ ግን ምን ዓይነት ግድግዳ ነው? ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ናት።

መለኪያው ለዓለሙ ቤት ይስማማ ይሆናል፤ ለእኛ ጠባብ ነው። እኛ ለብዙ ዘመን የሮጥነው ለሰዓት ሳይሆን ለማሸነፍ ነው፤ ክብረ ወሰን አሯሯጭ ተከራይቶ፣ አየሩን መርጦ፣ መሙን መርጦ የሚሰበር ነገር ነው። ሻይ ቤት ውስጥ መምህሩን ያልኩት ይህን ነው፦ «ክብረ ወሰን ተጨማሪ ነጥብ ይሁን፤ የመግቢያ ቲኬት አይሁን።»

ከፍታና ርዝመት

አሁን ጠንከር ወዳለው ጥያቄ እንምጣ። ጥቂት ዓመት እንደ መብረቅ ያበራ ሰው ይበልጣል ወይስ ሃያ ዓመት ሳይሰለች የሠራ?

በቤዝቦል ሳንዲ ኩፋክስ የሚባል ወርዋሪ ነበር። ከ1962 እስከ 1966 አምስት ዓመት ሙሉ የሚወዳደረው አልነበረም። ከዚያ የክንዱ መገጣጠሚያ አላስቀምጥ ስላለው በ30 ዓመቱ ተሰናበተ። በዘመን ርዝመት ቢለካ ስንቶች ይቀድሙታል። ግን በ1972፣ በ36 ዓመቱ፣ ገና ጎልማሳ ሳለ አዳራሹ ገባ። በተቃራኒው ሃሮልድ ቤይንስ 22 የውድድር ዘመን ተጫውቶ 2,866 ምት አከማችቷል። ጋዜጠኞቹ አልመረጡትም ነበር፤ በ2019 በሌላ ኮሚቴ በኩል ሲገባ ብዙዎች አጉረመረሙ። ጥሩ ነበር፤ ማንም አይክድም። ግን በየትኛውም ዓመት «የዘመኑ ቁንጮ» ተብሎ አያውቅም።

የእኛው ኩፋክስ ገዛኸኝ አበራ ነው። በሲድኒ 2000 ማራቶንን በ22 ዓመቱ አሸነፈ፤ በዓመቱ ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱን ማዕረግ በማራቶን አንድ ላይ የያዘ የመጀመሪያው ወንድ እሱ ነው። ፉኩኦካን ሦስት ጊዜ ወሰደ፣ ለንደንን በ2003 አሸነፈ፤ ከዚያ ጉዳት አስቀረው። ዛሬ ልጆችን ቢጠይቁ ስሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ፋጡማ ሮባም እንዲሁ ናት። አትላንታ 1996 ላይ የማራቶን ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት፤ ቦስተንን ከ1997 እስከ 1999 ሦስቴ ተከታትላ አሸነፈች። ሯጮቹ ጥሩነሽና መሠረት ሲመጡ ስሟ ቀስ በቀስ ከሰው አፍ ጠፋ።

በርዝመት የኃይሌን የሚያህል የለም። ከ1993 እስከ 1999 አራት ጊዜ ተከታትሎ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ወስዷል፤ በ35 ዓመቱ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ጨርሷል። እሱ ከፍታውንም ርዝመቱንም አንድ ላይ ስለያዘ ለክርክር አይመችም።

እኔ ከሁለቱ ከፍታውን አስቀድማለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፦ ግድግዳ ላይ የሚሣል ሰው ልጁን ቆም አድርጎ «ይህ ሰው ምን አደረገ?» የሚያሰኝ መሆን አለበት። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ጥሩ ነው። መልሱ «ብዙ ዓመት ሠራ» ብቻ ከሆነ የሚገባው የጡረታ ሽልማት ነው።

ያልተሰጠውን እንዴት ይቆጥራሉ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኢትዮጵያ መዝገብ ከሌላው የሚለየው እዚህ ነውና።

በቤዝቦሉ ልጀምር። ጆሽ ጊብሰን ጥቁር ስለነበር በትልቁ ሊግ አንድም ቀን ሳይጫወት በጥር 1947 ሞተ። ሦስት ወር ቆይቶ ጃኪ ሮቢንሰን ያን በር ለጥቁሮች ከፈተ። ጊብሰን በ1972 አዳራሹ ገባ። በ2024 ደግሞ የጥቁሮቹ ሊግ ቁጥሮች ከትልቁ ሊግ መዝገብ ጋር ሲቀላቀሉ፣ በምት አማካይ ታይ ኮብን አልፎ ከሁሉም በላይ ተቀመጠ። ዝም ብለው የኖሩት ቁጥሮች የተዘጋ በር ውጤት ነበሩ።

የእኛ በር የተዘጋው በሌላ ቁልፍ ነው። ኢትዮጵያ የሞንትሪያል 1976፣ የሎስ አንጀለስ 1984 እና የሴኡል 1988 ኦሊምፒኮችን አልሄደችም። «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ሙኒክ 1972 ላይ በ10 ሺህ ነሐስ ወስዶ የ5 ሺህ ማጣሪያውን ሳይሮጥ ቀረ፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ በየአፉ ይለያያል። ሞንትሪያል ላይ ጥንካሬው በደራበት ሰዓት አገሩ ተመለሰች። ሞስኮ 1980 ደርሶ ሁለቱንም ወርቅ በአንድ ሳምንት ወሰደ። ዕድሜው ስንት ነው የሚለው ጭቅጭቅ አብሮት ቶሮንቶ ድረስ ሄዶ፣ በ2016 እዚያው ሲያርፍም አልተፈታም። እኔ ዕድሜውን አልቆጥርም። የጠበቀውን ስምንት ዓመት ነው የምቆጥረው።

ከምሩፅ ይልቅ የሚከብደው በላይነህ ዴንሳሞ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጠ። ያ ክብረ ወሰን እስከ መስከረም 1998 እ.ኤ.አ. ማንም አልደፈረውም፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ነው። በዚያው በ1988 ሴኡል ኦሊምፒክ ነበር፤ የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ ግን በቦታው አልነበረም። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም። ሜዳሊያ ብቻ የሚቆጥር ኮሚቴ ስሙን እንኳ አያነሣውም።

ይህን ክፍል ሲያነቡ አንድ ወጥመድ ይጠብቁ። «ቢሄድ ኖሮ ያሸንፍ ነበር» ማለት ለሁሉም የሚሆን ሰበብ ነው። የእያንዳንዳችን መንደር እግሩን ባይሰበር ኖሮ የዓለም ሻምፒዮን የሚሆን ልጅ አለው። ስለዚህ «ቢሆን ኖሮ»ን የምቀበለው በእጁ የሚታይ ማስረጃ ካለ ብቻ ነው። በላይነህ አለው፦ ዐሥር ዓመት የቆመ ሰዓት። የጊብሰን ማስረጃ የጥቁሮቹ ሊግ መዝገብ ነው። እግሩን የተሰበረውን የሰፈርዎን ልጅ ሻይ ጋብዙት፤ ግድግዳው ላይ ግን አይሣሉት።

ጠባይ

ቤዝቦል ከሁሉም በላይ የተቃጠለው እዚህ ነው። ፒት ሮዝ 4,256 ምት አለው፤ ከሱ የሚበልጥ የለም። በራሱ ስፖርት ላይ ስለ ቆመረ በ1989 ለዘለዓለም ታገደ። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ በግንቦት 2025 የሊጉ ኮሚሽነር እገዳው የሞተ ሰው ላይ አይሠራም ብሎ አነሣለት። ባሪ ቦንድስ ደግሞ 762 ጊዜ ኳሷን ከሜዳ አውጥቷል፤ ይህም ክብረ ወሰን ነው። በአበረታች ቅመም ስሙ ስለተነሣ ግን በ2022 ዐሥረኛው ዓመቱ ሲያልቅ 66 ከመቶ ላይ ቀርቶ ከዝርዝሩ ወጣ። እነዚህን ሁለቱን በር ላይ ያቆመ አዳራሽ ውስጥ ግን ካፕ አንሰን አለ። በ1880ዎቹ ከጥቁር ጋር አልጫወትም እያለ መድረኩ ለጥቁሮች እንዲዘጋ ያገዘ ሰው ነው፤ በ1939 ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ገብቷል። የጠባይ ሚዛን እንዲህ ነው፤ የያዘው እጅ ወደ ፈለገበት ያጋድላል።

የአበረታች ቅመም ጉዳይ ለእኔ ክርክር የለውም። ስፖርቱን ራሱን የሰረቀ ሰው በስፖርቱ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? ግን «ይባላል» እና «ተረጋግጧል» ሁለት ነገር ናቸው፤ በሐሜት ስም አይሰርዙ።

ክብደቱ ያለው ማሞ ወልዴ ላይ ነው። በሜልቦርን 1956፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ ነበረ። ሜክሲኮ 1968 ላይ አበበ ተጎድቶ ሲወጣ ማራቶኑን ተረክቦ ወርቁን አመጣ፤ በ10 ሺህም ብር ወሰደ። ሙኒክ 1972 ላይ በ40 ዓመቱ የማራቶን ነሐስ ያዘ። ከዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቀይ ሽብር ወንጀል ተጠርጥሮ ታሰረ። ጥፋተኛ አይደለሁም እያለ፣ ውሳኔ ሳያገኝ ለዓመታት ተቀመጠ። በ2002 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ 6 ዓመት ፈረደበት፤ እስር ቤት የቆየው ከዚያ ስለሚበልጥ ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አረፈ።

ፍላቂት ላይ ይህን ታሪክ ስናነሣ ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ዘመን ሰው ያልቀበረበት ቤት እዚህ አካባቢ አይበዛም። «አይሣል» ያለው መምህሩ ነው። «ይሣል» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን ከምስሉ ሥር ሜዳሊያው ብቻ ሳይሆን እስሩም ፍርዱም ይጻፍ። ኩፐርስታውን ያጠፋችው አንሰንን ማስገባቷ ላይ ብቻ አይደለም፤ የሠራውን ሁሉ ከነሐስ ሰሌዳው ላይ አለመጻፏ ላይም ነው። አባት ከጥጋቸው ሆነው «የሩጫውን ሩጫው ይፍረድ፤ የቀረውን ፈጣሪ ያውቃል» አሉ። መምህሩ እስከ መጨረሻው አልተስማማም። አልፈርድበትም።

ከኋላ የሮጡት

ሞስኮ ላይ ምሩፅ የ10 ሺህ ወርቁን ሲወስድ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ነበሩ። ስለሺ ስህን በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒክ፣ በሄልሲንኪና በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና፣ አራቱንም ጊዜ በ10 ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወጣ፤ አራቱንም ጊዜ የቀደመው ቀነኒሳ ነው። በአቴንስ ሩጫው መሐል ሁለቱ ወጣቶች የታመመውን ኃይሌን እየዞሩ ሲጠብቁት ያየ ሰው፣ አንድ ስፖርተኛ ለቡድኑ ምን ይሆናል የሚለውን ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስለሺ ግድግዳው ላይ ይገባል? ሰባት ቦታ ካለ አይገባም። ሃያ ካለ ከመጀመሪያዎቹ ነው። ቁጥሩ ይጨክናል።

አሠልጣኞችን ከስፖርተኛ ጋር አያደባልቁ። ኦኒ ኒስካነንን፣ ንጉሤ ሮባን፣ ወልደመስቀል ኮስትሬን ለማክበር ሌላ ግድግዳ ይፈልጉ።

የወንዜ ልጅ

የጭነት መኪናው ረዳት ስለ መቄት ልጅ ሲጠይቅ ያነሣው ይህን ነበር። መልሱ አጭር ነው፦ አይሆንም። ፍራንኪ ፍሪሽ የሚባል የቀድሞ ተጫዋች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኩፐርስታውን የነባሮቹ ኮሚቴ ውስጥ ተሰሚ ነበር። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ጄሲ ሄይንስ፣ ቺክ ሄፊ፣ ጆርጅ ኬሊ ገቡ፤ ሁሉም የድሮ የቡድን ጓደኞቹ። እስከ ዛሬ «የአዳራሹ ደካማ ምርጫዎች» ሲባል ቀድሞ የሚነሣው የእነሱ ስም ነው። አዝኖ ያስገባዎት ሰው ውለታ የዋለልዎ ይመስላል እንጂ ለዘላለም ሲያሳማዎት ይኖራል።

ጊዜ

አምስት ዓመት መጠበቅ ለእኛ ባሕል ከባድ ነው። ልጁ ወርቅ ይዞ ከቦሌ ሳይወጣ መንገድ በስሙ ይጠራል፤ ወይ ደግሞ ጨርሶ ረስተነው ቀብሩ ላይ እንነቃለን። መጠበቅ የሚጠቅመው ሯጩ ራሱ መቼ እንደሚጨርስ ስለማያውቅ ነው። ኃይሌ በ2010 ኒው ዮርክ ላይ አቋርጦ «በቃኝ» ካለ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ እስከ 2015 ሮጧል። ኩፐርስታውንም ቢሆን ለሰው ሲል ደንቡን ያላላል፦ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ በ1972 መጨረሻ ለኒካራጓ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች እርዳታ ጭኖ ሲበር አውሮፕላኑ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞተ፤ አምስት ዓመት ሳይጠበቅ በ1973 አስገቡት።

ይህን ደንብ ፍላቂት ላይ ሳነሣ ሊደበድቡኝ ነበር፤ ምክንያቱም ቀነኒሳን ያስወጣል። ቀነኒሳ በቀለ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ አምስት የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ አለው፤ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ክብረ ወሰኖቹ እስከ 2020 ቆመዋል። በእኔ እምነት በመም ላይ ከእሱ የሚበልጥ አልተወለደም። ግን በ2024 ፓሪስ ላይ በ42 ዓመቱ ማራቶን ሮጧል። ገና እየሮጠ ላለ ሰው ግድግዳ ላይ ምን እንጽፍለታለን? ሻይ ቀጂዋ «ይሁን፤ ቦታው ግን ይያዝለት» አለች።

ድምፅ አሰጣጥ

ይህ አጭር ነው። በጭብጨባ አይምረጡ፤ በጭብጨባ የሚያሸንፈው ድምፀ ጎርናናው ነው። እያንዳንዱ በወረቀት ይጻፍ፤ ስም ሳይሆን መጀመሪያ መለኪያውን ያጽድቁ፤ ከአራት ሦስት ያላገኘ ለከርሞ ይደር። ለከርሞ ማደር ውርደት አይደለም፤ ኩፐርስታውን ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዓመት አልገቡም።

መምህሩ የመጨረሻውን ዝርዝር ሲጠይቀኝ አበበ፣ ማሞ፣ ምሩፅ፣ በላይነህ፣ ደራርቱ፣ ኃይሌ አልኩት። ሰባተኛው ላይ እኔ ፋጡማ ሮባን አልኩ፤ አባት አሁንም መንግሥቱ ወርቁ ላይ ናቸው። በጥር 1962 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የግብፅን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አራተኛዋን ያገባው እሱ ነው፤ ሬድዮ ባለበት ቤት ተሰብስበው የሰሙትን ጎል ሲተርኩ እጃቸው ከጋቢው ውስጥ ወጣ። ደብተሩ ላይ ሁለቱም ስም ጎን ለጎን ተጽፎ ቀረ።

ሠዓሊው በማግስቱ መጣ። መምህሩ የምስሎቹን ዝርዝር ሰጠው፤ ቀጥሎ ከሥራቸው የሚጻፈውን። የበላይነህን እኔ ነበርኩ ያዘጋጀሁት፦ «ማራቶን 2:06:50፣ ሮተርዳም፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1980። ዐሥር ዓመት ማንም አልሰበረውም። በዚያው ዓመት ኦሊምፒክ ነበር፤ አገሩ አልሄደችም።» ሠዓሊው በጣቱ እየቆጠረ አነበበው፣ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። «ጋሼ፣» አለ፣ «እኔ የተስማማሁት በፊት ነው እንጂ በፊደል አይደለም።»